የብሎክን "ኒጉን" ስጫወት አምባሰል ይሆንብኛል፣ ምን ይሻለኛል?

የጦሳ ልጅ፦

ሰላም ጀመዓ፣ እንዴት ከረማችሁ። ቫዮሊን የምትነኩ ካላችሁ እርዱኝ። የማትነኩም ጆሮ ካላችሁ ግቡበት።

ቫዮሊን ከጀመርኩ 6 ዓመት ሆነኝ። የምኖረው ደሴ ነው፣ ሆጤ። ኪቦርድ የሚጫወት ጓደኛዬ ደግሞ ኮምቦልቻ ነው የሚሠራው። ቅዳሜ ቅዳሜ ወይ እሱ ይወጣል፣ ወይ እኔ እወርዳለሁ። እስከ ዛሬ የሰርግ ዘፈን ነበር የምንለማመደው። ዘንድሮ ግን ሰለቸን። ለቫዮሊንና ለፒያኖ ብቻ የተጻፈ ክላሲካል ነገር ስናፈላልግ የኧርነስት ብሎክ "ባል ሼም" የሚባለው ላይ ወደቅን። ሦስት ክፍል አለው፣ መሀለኛው "ኒጉን" ነው። አንዴ ሰማሁት፣ በቃ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ነገር አልሰማሁም።

ችግሩ እኔ ስጫወተው ነው። ኖታውን አውርጄ እየተከተልኩ ነው የምጫወተው፣ ኖታ ማንበብ አያቅተኝም። ግን ትንሽ እንደሄድኩ ጣቴ ራሱ ወደ አምባሰል ይሄዳል። እናቴ ወጥ ቤት ሆና ስትሰማኝ ቆይታ "ምነው ልጄ፣ አምባሰሉን እንዲህ ታበላሸዋለህ?" አለችኝ። "ኧረ የአይሁድ ሙዚቃ ነው" ስላት "ታዲያ ለምን ከኛ ሰረቁት?" አለች። ስቄ ዝም አልኩ፣ መልስ ግን የለኝም። እውነት ለምንድነው እንዲህ የሚቀራረበው? ለኔ ብቻ ነው የሚመስለኝ ወይስ ነገር አለው?

ሁለተኛ፣ የጓደኛዬ ኪቦርድ 61 ቁልፍ ነው። ለዚህ ይበቃል? ፒያኖ የምናገኝበት ቦታ የለንም።

ሦስተኛ፣ ይሄ ከከበደን ከዚህ ዓይነቱ ቀለል ያለ ምን አለ?

(ደግሞ ኮምቦልቻ በወረድኩ ቁጥር ክሩ ሁሉ ይላላብኛል። ባለፈው ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ክር በሁለት ሳምንቱ ተበጠሰ፣ ስመልሰው "አንተ ነህ ያጠበቅከው" ተባልኩ። እሱን ተዉት።)


ቦርከና ዳር፦

ማዘር ትክክል ናቸው። ተሰርቋል። 😂


ጋሽ ደጋን፦

አንተ ልጅ፣ እናትህ ጆሮ አላቸው። የሰረቀ ግን የለም። ላስረዳህ፣ ጓደኛህ ኪቦርዱን ይክፈት።

ነጩን ቁልፍ ብቻ ይዘህ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ በል። ከሚ ጀምረህ ሚ ላይ ጨርስ። ምን ሆነ? አምባሰል ነው፣ ጥቁር ቁልፍ ሳትነካ። አሁን በፋና በላ መካከል ሶል ሻርፕን (ከላ በፊት ያለችውን ጥቁር ቁልፍ) ጨምር፣ ከላይ ደግሞ ሬ ጨምር። ሚ፣ ፋ፣ ሶል ሻርፕ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሬ። ይሄ የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች "ፍሬይጊሽ" የሚሉት ቅኝት ነው፣ በጸሎት ስሙ "አሃቫ ራባ" ይባላል። አየህ? አምባሰል አምስቱም ድምፁ እዚያ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ተቀምጧል። ከሰባቱ ሁለቱን ስታነሳ የኛ ቅኝት ይቀራል። እናትህ የሰሙት እሱን ነው።

ጣትህ ወደ አምባሰል የሚሄደውም ለዚህ ነው። ከፋ ቀጥሎ ላ ነው ብሎ የለመደ ጣት ነው። አምባሰል ላይ ከፋ እስከ ላ አራት ግማሽ ድምፅ ነው (ጥቁሩንም ነጩንም ቁልፍ አንድ በአንድ ስትቆጥር)፣ አንዴ ትዘለዋለህ። እዚህ ግን ከፋ እስከ ሶል ሻርፕ ሦስት ግማሽ ድምፅ ትሄድና ከዚያ አንድ ግማሽ ብቻ ቀርቶህ ላ ትደርሳለህ። ያቺ ሦስት ግማሽ ድምፅ ናት የዚህ ሙዚቃ ልቅሶ። እሷን ከበላሃት ሙዚቃው ሞተ። አንተ ምን እያደረግህ እንደሆነ ሳላይህ ልንገርህ፦ ሶል ሻርፑን ስትደርስ እንደ መንገደኛ ሸርተት አድርገህ ወደ ላ ትስባታለህ። አይደል? እዚያ ቁም። ረዘም አድርገህ ያዛት፣ ቀጭን ሆና ትሰማህ።

ብሎክ ድምፁን ከዚያው ከሚ አይጀምርም፣ ሁሉም መስመር በዚህ ቅኝት ላይ ነው ማለቴም አይደለም። እኔ የምልህ መንገዱን ነው። በየትኛውም ቦታ ይህችን ሦስት ግማሽ ድምፅ ያየህ እንደሆነ ምልክት አድርግባት። በቀይ እስክሪብቶ።

ክሩን በተመለከተ ደሴ ብርድ ነው፣ ኮምቦልቻ ቆላ ቢጤ ነው፣ ከፍታው ብቻ ከ500 ሜትር በላይ ይለያያል። ሙቀት ክሩን ያረዝመዋል፣ ድምፁ ይወርዳል። አየሩ ሲደርቅ ደግሞ የመቃኛው እንጨት ይኮማተርና ይፈታል። እንደደረስክ አትቃኘው። ከነሳጥኑ 20 ደቂቃ ይረፍ፣ ከዚያ ቃኘው። መቃኛው የሚያንሸራትት ከሆነ ጠመኔ ትንሽ ቀባ አድርግበት። ሚኒባስ ላይ ከጣራ እንዳትጭነው፣ አደራ።


የጦሳ ልጅ፦

ጋሼ አላህ ይስጥልኝ፣ ዕድሜዎን ያርዝመው። ወላሂ ቤት ሆነው ያዩኝ ነው የመሰለኝ፣ ልክ ሶል ሻርፑ ላይ ነው የምንሸራተተው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ ትዝታ ማይነርም ሲሆን ይመስለኛል አንዳንዴ፣ እሱስ?


ጋሽ ደጋን፦

ምን ይገርምሃል፣ ያው እኮ ነው። አሁን ያልኩህን አምስቱን ነጭ ቁልፍ ከላ ጀምረው። ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ። ትዝታ ማይነር ሆነልህ። ቤቱ አንድ ነው፣ በሩ ሁለት ነው።


እሙ ባቲ፦

ጋሼ ቅኝቱን ጨርሰውልኛል፣ እኔ ስለ ሙዚቃው ልጨምር። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ለአንድ ወረቀት አንብቤበት ነበር።

ብሎክ እ.ኤ.አ. በ1880 ጄኔቭ የተወለደ ስዊዘርላንዳዊ አይሁዳዊ ነው፣ በኋላ አሜሪካ ገባ። "ባል ሼም"ን በ1923 ነው የጻፈው፣ ክሊቭላንድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲመራ በነበረበት ጊዜ። ለእናቱ መታሰቢያ ነው። (ስለዚህ የጦሳ ልጅ፣ እናትህን አትሳቅባቸው!) በ1939 ለኦርኬስትራም አዘጋጅቶታል፣ የመጀመሪያው ግን የናንተው ነው፣ ቫዮሊንና ፒያኖ።

ስሙን እዩት እስኪ። ባል ሼም። ዕብራይስጥ ነው ግን ለኛ ትርጉም አያሻውም፣ "ባለ ስም" ማለት ነው፣ የእግዚአብሔርን ስም የያዘ። ባል ሼም ቶቭ የሚባሉት ሰው በ1700 ገደማ ተወልደው በ1760 ያረፉ፣ ዛሬ ዩክሬን በሚባለው አገር የነበሩ የሀሲዲም እንቅስቃሴ መሥራች ናቸው። ሀሲዶች በደስታና በዜማ ወደ ፈጣሪ መቅረብን የሚያጠብቁ ናቸው። ኒጉን የሚሉት ዜማ ብዙ ጊዜ ቃል የለውም። ያይ ዳይ ዳይ እያሉ ያንኑ ይደጋግሙታል፣ ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ይሞቃል፣ ሰዉ ይወዛወዛል። እኔ ይህን ሳነብ መጀመሪያ የመጣብኝ አያቴ ቤት ሌሊት የሚባለው መንዙማ ነው። ሃይማኖቱ ሌላ፣ ዜማው ሌላ፣ ያ ቀስ እያለ የሚሞቀው ነገር ግን ያው። መንዙማ ቃሉ ብዙ ነው፣ ኒጉን ቃል ይጥላል፣ እዚህ ላይ ይለያያሉ።

ሦስቱ ክፍሎች እንዲህ ናቸው። "ቪዱይ" ኑዛዜ ነው፣ ዝግ ያለ። "ኒጉን"ን ራሱ ብሎክ "ኢምፕሮቪዜሽን" ብሎታል፣ እንደመጣለት የሚጫወቱት ማለት ነው። "ሲምሐት ቶራ" ደግሞ የኦሪት ደስታ ነው፣ የዓመቱ ንባብ አልቆ ከዘፍጥረት እንደገና የሚጀመርበት በዓል፣ ኦሪቱን ተሸክመው የሚጨፍሩበት። እና ኒጉንን ለብቻው ነቅሎ መጫወት የተለመደ ነው፣ ግን ቪዱይን አስቀድማችሁ ብትጫወቱት ኒጉኑ ለምን እንደዚያ እንደሚጮህ ይገባችኋል። ከተናዘዘ በኋላ ነው የሚጮኸው።


ሸዋ በር፦

ይቅርታ አላዋቂ ሆኜ ነው፣ ይሄ የጎንደር ቤተ እስራኤሎች ሙዚቃ ነው ማለት ነው?


እሙ ባቲ፦

አይደለም ወንድሜ፣ ጥሩ ጠየቅክ። የቤተ እስራኤል ጸሎት በግዕዝ ነው፣ ቄሶቹ በዜማ የሚሉት፣ ከበሮና ቃጭል ያለው። በዓላቸው ስግድ ላይ ሰምተህ ይሆናል። ብሎክና መሰሎቹ የሠሩበት የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች ዜማ ነው፣ ንግግራቸው ዪዲሽ፣ ጸሎታቸው ዕብራይስጥ የሆነ። ሁለቱን "የአይሁድ ሙዚቃ" ብሎ አንድ ማድረግ የወሎን መንዙማና የካይሮን ኢንሻድ (የግብፆችን መንፈሳዊ ዜማ) አንድ ነው እንደማለት ነው።


ማሲንቆ ቤት፦

እኔ ግን ከጋሼ ጋር አልስማማም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና። ለምንድነው ልጁ አምባሰሉን የሚፈራው? ብሎክም እኮ የቆየ ዜማ ለቃሚ አልነበረም፣ የራሱን ነው የጻፈው። ዩክሬን ውስጥ ሀሲድ ሆኖ አላደገም፣ የስዊዝ ልጅ ነው። እሱ ከሩቅ አስቦ ከጻፈው የኛ ልጅ ከወሎ ሆኖ በራሱ ለዛ ቢጫወተው ምን ሃጢአት አለው? ማሲንቆ ላይ አንዲት ክር ናት፣ ድምፁን የምታገኘው ሸርተት ስትል ነው፣ ቫዮሊንም በዚህ ሙዚቃ ውስጥ ሸርተት እያለ ነው የሚያለቅሰው። ክሌዝመር፣ የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶችን የሰርግ ሙዚቃ፣ የሚጫወቱት ሰዎች "ክሬክትስ" የሚሉት አለ፣ ድምፁን መጨረሻ ላይ ሲቃ ይዞት እንደተቋረጠ ማስመሰል ነው። አዝማሪ ይህን ማን አስተማረው?

እኔ ብሆን እንደመጣልኝ እጫወተዋለሁ።


ጋሽ ደጋን፦

ማሲንቆ ቤት፣ ሸርተት ማለቱን ማን ከለከለ? ኖታ መብላቱን ነው የከለከልኩት። ሸርተት ብሎ መድረስና ሸርተት ብሎ ማለፍ ይለያያል። አምባሰልን የሚያውቅ ሰው አምባሰል ላይ አንድ ድምፅ ቢበላበት ይቀየማል፣ እናትየው ተቀይመው የለም እንዴ? የሰው ቤት ስንገባም እንደዚያው ነው።

ለዛውን ከፈለገ ሌላ ጊዜ ራሱ አምባሰል ላይ ለቫዮሊንና ለኪቦርድ ይጻፍ። እሱን እኔም መጥቼ እሰማለሁ።


ማሲንቆ ቤት፦

😄 ጋሼ እሺ። ግን ሐሳቤን አልቀየርኩም።


ፔዳል፦

የኪቦርዱን ጥያቄ ማንም አልነካውም። እኔ ኪቦርድ ነኝ፣ አዲስ አበባ ነው ያለሁት ግን ኮምቦልቻ ነው ያደግሁት።

61 ቁልፍ ለብሎክ አይበቃም፣ ቁርጡን ልንገራችሁ። የፒያኖው ግራ እጅ ወደ ታች ይወርዳል፣ እዚያ ታች ያለው ድምፅ ነው ቫዮሊኑን የሚሸከመው። አንድ ኦክታቭ ከፍ አድርጎ ቢጫወተው ኖታው ትክክል ይሆናል፣ ክብደቱ ግን ይጠፋል፣ ቫዮሊኑ አየር ላይ ይቀራል። 88 ቁልፍ ያለው ዲጂታል ፒያኖ ብትዋሱ ይሻላል፣ እሱ ካልተገኘ ቢያንስ ሰስቴይን ፔዳል (በእግር ተረግጦ ድምፁን የሚያቆይ) ግዙ፣ ያለ ፔዳል አትሞክሩት። ደግሞ ጓደኛህን ንገረው፣ የኪቦርዱን ምት ያጥፋ። (አትሳቁ፣ አንዱ ሲጫወት ከኋላ ችክችካውን ለቆበት አይቻለሁ።) ኒጉን በቋሚ ምት አይሄድም። ቫዮሊኑ ሲተነፍስ ፒያኖው መጠበቅ አለበት፣ ሰርግ ላይ የለመደ እጅ ደግሞ መጠበቅ ይከብደዋል፣ እኔም ከሰርግ ነው የመጣሁት።

ቀላል ለተባለው፣ በ61 ቁልፍም በመጠኑ የሚያስኬድ የራቬል "ካዲሽ" ነው። ራቬል አይሁዳዊ አልነበረም፣ ፈረንሳዊ ነው፣ በ1914 ለድምፅና ለፒያኖ የጻፈው፣ ለቫዮሊን የተዘጋጀም አለ። ፒያኖው መጀመሪያ ላይ በጣም ቁጥብ ነው፣ ቫዮሊኑ ነው ብቻውን የሚናገረው። ካዲሽ ለሞተ ሰው የሚባል ጸሎት ነው፣ ግን ውስጡ ስለ ሞት አንዲት ቃል የለም፣ ስሙ ይቀደስ ይክበር ብቻ ነው፣ በአረማይክ።

ከዚያ የዮሴፍ አክሮን "የዕብራይስጥ ዜማ" አለ፣ 1911። አክሮን ራሱ ቫዮሊን ተጫዋች ነበር፣ ስለዚህ ለእጅ ይመቻል፣ ጌጡ ብዙ ቢሆንም ጣት ላይ የሚወድቅ ነው። ያን ጊዜ ሴንት ፒተርስበርግ በ1908 የተቋቋመ የአይሁድ ባህላዊ ሙዚቃ ማኅበር ነበር፣ ወጣት ሙዚቀኞቹ የሰፈራቸውን ዜማ ወደ ክላሲካል ያመጡት እነሱ ናቸው፣ አክሮንም ከነሱ ጋር ነው። ዜማውን ለዓለም ያስተዋወቀው ቫዮሊኒስቱ ሃይፌትዝ ነው፣ እሱን ስሙ። አክሮንም ሃይፌትዝም የአንድ መምህር የሌዎፖልድ አውወር ተማሪዎች ናቸው።

ብሎክም ራሱ አጭር አንድ አለችው፣ "አቮዳ"፣ ለቫዮሊኒስቱ ለይሁዲ ሜኑሂን የጻፈለት። ሜኑሂን ያን ጊዜ ገና ልጅ ነበር፣ እናንተ ደግሞ ትልልቅ ሰዎች ናችሁ፣ አታሳፍሩን።


ቀበና፦

ማክስ ብሩክን ረሳችሁት። "ኮል ኒድሬ" ለቼሎ ነው የተጻፈው ግን ለቫዮሊን የተዘጋጀም አለ። ብሩክ ጀርመናዊ ፕሮቴስታንት ነው። ሁለት ዜማ ነው ያለው፣ የመጀመሪያው የስርየት ቀን ዋዜማ ማታ የሚባለው ራሱ ኮል ኒድሬ፣ ሁለተኛው ደግሞ "በባቢሎን ወንዞች አጠገብ" የሚለውን የዳዊት መዝሙር ከተከተለ የእንግሊዝኛ ግጥም ጋር ከተሠራ ዜማ የተወሰደ። ከማይነር ወደ ሜጀር ሲገባ ደመና ይገፈፋል። ናዚዎች በኋላ በዚህ ሥራ ምክንያት ሰውዬውን አይሁዳዊ ነው ብለው ጠርጥረውት ሙዚቃውን አገዱት፣ እሱ ግን ቀድሞ ሞቷል።


እትዬ ወሎ፦

ልጆቼ፣ እኔ ቫዮሊን አላውቅም፣ ንባባችሁን ግን ተከታተልኩ። አንድ ነገር ልጨምር፣ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን አንድ ሰው ሳያነሳ ይሄ ሁሉ ተጻፈ እንዴ? ሁሉም ፒያኒስት ናቸው ይላል፣ ግን በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተምረዋል፣ ኋላም ካይሮ ሄደው ፖላንዳዊው ቫዮሊኒስት ኮንቶሮዊች ነው ያስተማራቸው። ከዚያ መነኮሱ። የት? ግሸን ማርያም። ግሸን የት ነው? አምባሰል! በባዶ እግር ዓመታት ኖረዋል። በመጨረሻም ኢየሩሳሌም ገዳም ገብተው እ.ኤ.አ. በ2023 እዚያው አረፉ፣ 99 ዓመታቸው።

እንግዲህ ቫዮሊን፣ ፒያኖ፣ አምባሰል፣ ኢየሩሳሌም፣ ሁሉም በአንዲት ሴት። እኔ ኖታ አላውቅም፣ እሳቸውን ስሰማ ግን ቸኩለው አያውቁም። ልጁም አይቸኩል።


የጦሳ ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ወላሂ እንዲህ ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም። እትዬ፣ እማሆይን ቫዮሊን ተጫውተዋል ብዬ አላውቅም ነበር፣ ዛሬ ገና ሰማሁ።

ያደረግነውን ልንገራችሁ። ዛሬ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ቫዮሊኑን 20 ደቂቃ አሳረፍኩት፣ ጋሼ እንዳሉት፣ ሻይ ጠጣን። ሲቃኝ አልተንሸራተተም፣ አልሀምዱሊላህ። ጓደኛዬ መጀመሪያ ሚ ፋ ላ ሲ ዶ ብሎ ሲመታ ከጎረቤት አንድ ልጅ መጥቶ አምባሰል መዝፈን ጀመረ፣ አባረርነው። ከዚያ ሶል ሻርፑን ስንጨምር ልጁ በር ላይ ቆሞ "ተበላሸ" አለን።

ኒጉንን ለጊዜው አቆየነው። የራቬልን ካዲሽ ጀመርን፣ ፔዳል የለንም ግን ጓደኛዬ ከአንድ ሰው ለመዋስ ቃል ተገብቶለታል። ሶል ሻርፑ ላይ መቆም ከባድ ነው ጋሼ፣ ሰው ቤት በር ላይ ቆሞ ሳያንኳኩ እንደመጠበቅ ነው የሆነብኝ። አሥር ጊዜ ሞክሬ ሦስቴ ያዝኳት።

ማታ ቤት ስገባ ያችኑ ሶል ሻርፕ ያለባትን መስመር ለእናቴ ተጫወትኩላት። ቡና እየቆላች ነበር። ዝም ብላ ሰምታ ስትጨርስ "አሁን አምባሰል አይደለም" አለች። ቀጥላ "ማን ሞቶበት ነው?" አለችኝ።

ማሲንቆ ቤት፣ አንተም ቅዳሜ ና፣ ማሲንቆህን ይዘህ። 8 ሰዓት፣ ሆጤ።


ማሲንቆ ቤት፦

እመጣለሁ። ግን ሸርተት እላለሁ።